ዘጠና ስድስት ከረጢት

ግሌኒስ ፓስኮ ስትናደድ መጀመሪያ የሚቀላው ጆሮዋ ነው። ቀጥሎ አንገቷ ይቀላል፤ ከዚያ በኋላ ፊቷ የተገኘ ሰው ወዮለት። ያን ቅዳሜ በትንሿ ከተማ በዌራንጋ ቆሻሻ መጣያ በር ላይ ከተሰለፉት መኪኖች መካከል፣ አሮጌ ፒክ አፗ ውስጥ ተቀምጣ ተራ ስትጠብቅ፣ ጆሮዋ ከቀላ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር።

ነገሩ የደብዳቤ ነው። የድሮው ቅቤ ፋብሪካ ኮሚቴ ጽፎት፣ ሊቀመንበሯ ኖሊን ራድፎርድ የፈረመችበት ደብዳቤ ረቡዕ ዕለት በበሯ ስር ገባ። ፋብሪካው ቅቤ መናጥ ካቆመ አርባ ዓመት አልፎታል። አሁን አንደኛው ጎኑ የግሌኒስ የመስታወት ሥራ ክፍል ነው፤ ሌላው ጎኑ ደግሞ የአካባቢው እናቶች ለትምህርት ያልደረሱ ልጆቻቸውን የሚያጫውቱበት ቤት። ደብዳቤው እንደሚለው፣ ከልጆቹ መጫወቻ አሸዋ በላይ የተወጠረውን የጥላ ሸራ ለማጠብ ሲያወርዱት ነጭ ብናኝ እላያቸው ላይ ወርዷል። ስለዚህ ግሌኒስ እስከ ቅዳሜ ቀን ስድስት ሰዓት ድረስ ክፍሏ ውስጥ ያለውን የብናኝ ቆሻሻ በሙሉ አስወግዳ፣ የመጣያውን ደረሰኝ ለኖሊን ማስረከብ አለባት። ካላስረከበች የክፍሉ ቁልፍ ይቀየራል።

ባሏ ሌን ከሞተና ልጇ ርቃ ፐርዝ ከተማ ከገባች ወዲህ ግሌኒስን ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳት ያ ክፍል ብቻ ነበር። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ምድጃዎቿን ይዛ የምትሄድበት ሌላ ቦታ የላትም። ይህን ኖሊን ታውቃለች፤ አውቃ ነው ያደረገችው ብላ ግሌኒስ ወስናለች። ሁለቱ ሴቶች በመኪና ማቆሚያ፣ በመጸዳጃ ቤት ወረቀት፣ በግድግዳው ቀለም ሳይቀር ተጣልተዋል፤ አሁን በብናኝ።

«የድንጋይ ካባ መኪና አቧራ ነው» ስትል ነበር የሰነበተችው፤ ለድመቷም፣ ለዳቦ ሻጩም። «ድንጋይ የጫነ መኪና ቀኑን ሙሉ በዚያ መንገድ ይመላለሳል። የአብዬን ወደ እምዬ።»

ደግሞስ እንደ እሷ ጠንቃቃ ማን አለ? ሥራዋ ባለቀለም መስታወት ቆራርጦ መደራረብ፣ ከዚያም ቀልጦ አንድ እስኪሆን በምድጃ ማጋል ነው። የቀለጠው መስታወት ከምድጃው መደርደሪያ ጋር እንዳይጣበቅ መደርደሪያው ነጭ ቅብ ይቀባል፤ አንዳንዴም እሳት የማይበላው ወረቀት ይነጠፍበታል። እሳቱን ካየ በኋላ ቅቡም ወረቀቱም ይፈረፈራል፤ ተፍቆ መነሳት አለበት። ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ ከዱቄት የላመ ነው፤ ሳንባ ከገባ የሚወጣበትን መንገድ አያውቅም። ስለዚህ ግሌኒስ ከመፋቋ በፊት ውሃ ትረጫለች። መጥረጊያ የሚባል ነገር አታስነካም። ጉንጯ ላይ ሰንበር የሚተው ማስክ ታደርጋለች፤ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፤ ጨርቁን ከነብናኙ ከረጢት ውስጥ፣ ከረጢቱን ሌላ ከረጢት ውስጥ ከታ አፉን በፕላስተር ታሽጋለች። የእጅ መታጠቢያው ውስጥ አንዲት ጠብታ አታፈስም።

ችግሩ ከረጢቶቹ ላይ ነበር። ሌን በሕይወት ሳለ የልብስ ማጠቢያ ክፍላቸውን የአስቤስቶስ ግድግዳ፣ ያን ብናኙ ሳንባ የሚገድለውን የድሮ ሰሌዳ፣ ሲያስነቅል አንድ ጥቅል ቢጫ ከረጢት ተርፎት ነበር፤ ወፍራም፣ ጥፍር የማይበሳው። ቤት ውስጥ ያለ ነገር እያለ ሌላ መግዛት ለግሌኒስ ኃጢአት ነው። ላያቸው ላይ ግን በትልልቁ «አስቤስቶስ፤ አደገኛ» የሚል ታትሞባቸዋል። ሰው አይቶ እንዳይደነግጥ ብላ ውስጡን ወደ ውጭ ገለበጠቻቸው። ሦስቱን እንዲሁ ሞልታ ፒክ አፗ ላይ ጫነች፤ በአሠራሯም ኮራች።

የመጣያው በር ጠባቂ ሜርቭ ትሬዊን ብርቱካናማ ሰደርያውን እንደለበሰ እየተንቀረፈፈ መጣ። ሜርቭ ሰላምታ ላይ ለጋስ ሰው አይደለም።

«ምን ይዘሻል?»

«ከሥራ ክፍሌ የወጣ ብናኝ። ታሽጓል። ደረሰኝ እፈልጋለሁ።»

«የምን ብናኝ?»

«የምድጃ። አንተ ብቻ የት እንደምጥለው ንገረኝና ደረሰኜን ቁረጥልኝ፤ ጊዜ የለኝም።»

«ጊዜ የሌለው ሁሉ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ የሚሰበሰበው» አለና ወደ ፒክ አፑ ጀርባ ዞረ።

ፀሐይዋ ከደመናው ወጥታ ከረጢቶቹ ላይ አርፋ ነበር። ሜርቭ ጎንበስ አለ፤ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ከዚያ አንገቱን ወደ ጎን ሰብሮ፣ ከላስቲኩ ማዶ የሚታየውን የተገለበጠ ፊደል አንድ በአንድ ለቀመው።

«ግሌኒስ» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ አስቤስቶስ ነው የሚለው።»

«ከረጢቱ ነው የሚለው። ውስጡ ያለው ሌላ ነው።»

«ታዲያ ለምን ገለበጥሽው?»

«ሰው እንዳይደነግጥ።»

«አስቤስቶስ ካልሆነ ሰው ለምን ይደነግጣል?»

«ስለተጻፈበት ነዋ።»

«እና የተጻፈውን ደበቅሽው።»

«አልደበቅሁም፤ ገለበጥኩት። ይለያያል።»

ሜርቭ ቀና አለ። «አሥራ አራት ዓመት እዚህ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሣር ነው ብለው ከሣሩ ስር አስቤስቶስ ደብቀው አምጥተውልኛል። ፍራሽ ነው ብለው ፍራሹ ሆድ ውስጥ ሰፍተው አምጥተውልኛል። ጀሶ ነው ብሎ በሕፃን ጋሪ እየገፋ የመጣ አለ። ከረጢት ገልብጦ የመጣ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። እጅ ነስቻለሁ።»

ሜርቭ ይህን በር የወረሰው ከታላቅ ወንድሙ ከኬቭ ነው። ኬቭ «ጀሶ ነው» ያሉትን ሁሉ እያመነ በባዶ እጁ ሲያወርድ ኖሮ፣ በመጨረሻው ዓመት ከአልጋው እስከ መስኮቱ የሚያደርሰው ትንፋሽ አጥቶ ሞተ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ሜርቭ ከዚያ ወዲህ እናቱ ከመቃብር ተነስታ ከረጢት ብታመጣለት እንኳ አያምናትም። ግሌኒስ ይህን ታውቃለች፤ ዌራንጋ በሙሉ ያውቃል። ያን ቀን ግን ለሰው ሐዘን የሚሆን ቦታ አልነበራትም።

«ወንድምህን የገደሉት ውሸታሞች ናቸው» አለችው። «እኔ ውሸታም አይደለሁም።»

«ወንድሜን አታንሺ።» ድምፁን አልጨመረም። «አንዱን ክፈቺና አሳዪኝ።»

«በዚህ ነፋስ? አልከፍትም።»

«ለምን?»

«ይበናላ። ሳሽገው እርጥብ ነበር፤ አሁን ደርቋል።»

«ቢበንስ? አስቤስቶስ አይደለም አላልሽም?»

ግሌኒስ መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«በይ መኪናሽን አዙሪ» አለ ሜርቭ። «አስቤስቶስ የምንቀበለው ማክሰኞ ነው፤ በቀጠሮ። ማመልከቻውን ሞልተሽ ነይ።»

«እስከ ስድስት ሰዓት ደረሰኙን ካላገኘሁ ክፍሌን ይነጥቁኛል፣ ሜርቭ።»

«እሱ እኔን አይመለከተኝም።»

«የሚመለከትህ ምንድን ነው? ቆመህ የሰው ቆሻሻ ማሽተት?»

«አዎ» አለ ሜርቭ። «ሥራዬ ነው።»

ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ። ተጎታቹን በሣር የሞላ ሰውዬ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ወይ ተጋቡ ወይ ተላቀቁ እንጂ፤ ሣሬ እኮ ገለባ ሆነ» አለ። ማንም አልሳቀለትም። ከሦስተኛው መኪና ኖሊን ራድፎርድ ወረደች፤ ተጎታቿ ላይ የተገረዘ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ተከምሯል፤ እጇ ላይ የአትክልት ጓንት አለ። እየተራመደች ጓንቱን አወለቀች።

«መጣሽ?» አለች ግሌኒስ። «መቃብሬን ልትለኪ?»

«ጽጌረዳ ልጥል ነው የመጣሁት። አስቤስቶስ ሲባል ሰማሁ።»

«ጆሮሽ በእኔ ነገር ሲሆን ከሩቅ ይሰማል።»

«ከልጆቻችን ግድግዳ ጀርባ ምን እንዳከማቸሽ ማወቅ አለብኝ።»

«የልጆቻችሁ ሸራ ላይ ያለው የካባ አቧራ ነው፤ ስንቴ ልንገርሽ?»

«የካባው ድንጋይ ቀይ ነው፣ ግሌኒስ። ሸራው ላይ ያገኘነው ነጭ ነው። ቀለም እለያለሁ።»

ግሌኒስ የፒክ አፑን በር በርግዳ ወረደች። አንገቷ እስከ ደረቷ ቀልቷል። ሰልፉ ውስጥ ያሉት መስኮታቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ዌራንጋ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ትርኢት የለም።

«እሺ ሁላችሁም ስሙኝ» አለች። «እነዚህ ከረጢቶች ውስጥ አስቤስቶስ የለም። የምድጃ መደርደሪያ ቅብ አለ፤ ነጭ ሸክላና ሌላም ነገር ተደባልቆ የሚሠራ። የተቃጠለ ወረቀት አለ፤ ወረቀት ይባል እንጂ ከድንጋይ የተፈተለ ቃጫ ነው፤ ዓይን አያየውም። የመስታወት ዱቄት አለ። ማናቸውም በአፍንጫ መግባት የለባቸውም። እኔ ይህን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ውሃ የምረጨው፤ ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ የማሽገው፤ ለዚህ ነው እዚህ ቆሜ ከዚህ ግትር ጋር የምጨቃጨቀው። ከዚህች ከተማ ቆሻሻውን እንደ እኔ አሽጎ የሚያመጣ አንድ ሰው ጥሩልኝ። ውሸት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሜርቭ ንግግሩን ልብ ብሎ ሰማ። ጺሙን አሻሸ። ፊቱ ላይ የነበረው ጥርጣሬ ለቅቆት፣ በምትኩ ግሌኒስ ልትለየው ያልቻለችው ሌላ ነገር መጣ።

«እሺ» አለ። «አመንኩሽ። እየዋሸ እንዲህ አብራርቶ የሚናገር የለም።»

ግሌኒስ ይህን አልጠበቀችም። ኖሊንን በአሸናፊነት ዓይን አየቻት።

«ግን ክፉ ብናኝ ነው» አለ ሜርቭ።

«ክፉ ነው። እያልኩህ እኮ ነው።»

«የስንት ጊዜ ነው ይሄ? ሦስቱ ከረጢት።»

«የአራት ወር።»

«ክፍሉን ከያዝሽ ስንት ዓመት ሆነሽ?»

«አሥራ አንድ» አለች በኩራት።

ሜርቭ ከሰደርያው ኪስ እስክርቢቶ አወጣና መዳፉ ላይ ጫር ጫር አደረገ። «በአራት ወር ሦስት። በዓመት ዘጠኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ዘጠና ዘጠኝ። እነዚህ ሦስቱ ሲነሱ ዘጠና ስድስት።» መዳፉን ትቶ እሷን አየ። «እኔ አንቺ ክፍሉን ሳትይዢ ጀምሮ እዚህ ነኝ። አንዲት ከረጢት ይዘሽ መጥተሽ አታውቂም። ዘጠና ስድስቱ የት ናቸው?»

ሣር የጫነው ሰውዬ እንኳ ጥሩምባውን ረሳ።

ግሌኒስ ዞራ ከረጢቶቹን አየች። መልሱ ቀላል ነበር። ዌራንጋ ውስጥ ቀይ ክዳን ያለው የቆሻሻ ገንዳ ደጁ ላይ የሌለው ሰው የለም፤ «በቤቴ ገንዳ ውስጥ ነው የጣልኩት» ብትል ማን ሄዶ ሊያጣራ? አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ደረሰኝ፣ ከዚያ ክፍሏ፣ ከዚያ ሰኞ ጠዋት ምድጃዎቿ። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

እውነቱ ይህ ነው። ባለፈው ግንቦት ለአንድ ቀን ሥልጠና ሜልበርን ሄዳ፣ መደርደሪያ በደረቅ ብሩሽ ስትጠርግ አስተማሪዋ፣ ከልጇ የምታንስ፣ ክፍሉን ሁሉ ዝም አሰኝታ «ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?» አለቻት። ማንም አላስተማራትም። ውሃው፣ ማስኩ፣ ከረጢቱ የመጡት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ለማንም አልተነፈሰችም፤ ለራሷም ቢሆን። የካባ መኪና፣ የካባ መኪና ስትል የሰነበተችው ከሁሉ በፊት ራሷን ልታሳምን ነበር። አሁን ግን «ውሸት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም» ያለችው ገና ጆሮዋ ላይ ነው፤ ሰልፉ ሁሉ ሰምቷል። ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«በጓሮ በር» አለች።

«ምን?» አለች ኖሊን።

«በጓሮ በር እጠርገው ነበር። ደረቁን። ሽርጤንም እዚያው ነበር የማራግፈው። አላወቅሁም ነበር። ኖራ ነገር ነው የሚመስለኝ የነበረው።»

ጓሮ በሩ የሚከፈተው ወደ ልጆቹ አጥር ነው። አጥሩ የሽቦ ነው፤ ከሽቦው ማዶ አሸዋው።

ኖሊን አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር፤ ጩኸት ግሌኒስ መመለስ የምትችለው ነገር ነው። ኖሊን ጓንቷን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች።

«አርብ አርብ ነበር» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ልጄን ዳርሲን አርብ አርብ ነበር የማመጣው። ማታ ማታ በረዶ ጣለ ይለኝ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሲሆነው። "እማዬ፣ ዛሬም በረዶ ጣለ።" ዌራንጋ ውስጥ በረዶ ጥሎ አያውቅም። ይቀባጥራል ብዬ እስቅበት ነበር። ለእናቴ ሁሉ በስልክ አጫውቻታለሁ።»

ግሌኒስ ዳርሲን አስታወሰችው፤ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ፣ ሁልጊዜ ቀድሞ አጥሩ ጋ የሚደርስ። ልጆቹ ጣታቸውን በሽቦው አሾልከው ይጠብቁ ነበር። ይህን መናገር አልነበረባትም። ማንም አልጠየቃትም። ግን አንዴ የተከፈተ አፍ ነው፤ መዝጊያው ጠፋት።

«ሽርጤን ሳራግፍ ድገሚው ይሉኝ ነበር» አለች። «ስለሚስቁ ደስ ይለኝ ነበር። እደግምላቸው ነበር።»

ኖሊን ፊቷን አዞረች።

ሜርቭ ማንንም ሳያይ ደረሰኝ ጻፈ፤ ገንጥሎም የመኪናዋ መስታወት መጥረጊያ ስር ሰካው። «ወደ ጉድጓዱ ውሰጃቸው፤ ቢጫ ምሰሶው ጋ አውርጂ» አለ። «ሳይከፈቱ አፈር አለብሳቸዋለሁ።» ለስድስት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀራል። ግሌኒስ ሦስት ቀን ሙሉ የተዋጋችለት ወረቀት ነፋሱ ላይ ይርገበገባል። እጇን ሰዳ አነሳችውና ሌላ የምታደርገውን ስላጣች ለኖሊን ዘረጋችላት።

ኖሊን ወረቀቱን አየችው እንጂ አልተቀበለችውም።

«ይሄ ደብዳቤው የጠየቀው ነው» አለች። «አሟልተሻል። ማንም ቁልፍ አይቀይርብሽም። ቁልፉን ራስሽ ነሽ የምትሰጪኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ግሌኒስ ለዚህ አሥር መልስ ነበራት። ያን ቀን ግን የመኪናዋን ቁልፎች ከኪሷ አውጥታ፣ ትልቁን የነሐስ ቁልፍ ከቀለበቱ ላይ በጥፍሯ እየታገለች ፈታች። ኖሊን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ መልሳም ሰበሰበችው።

«መጀመሪያ እጠቢው።»

«ንጹሕ ነው፣ ኖሊን። በየሳምንቱ...»

«እጠቢው አልኩሽ።»

ከሜርቭ ጎጆ ጎን ቧንቧ አለ። ግሌኒስ ሰልፉ ሁሉ እያያት ሄዳ ቁልፉን አጠበችው፤ ጥርሶቹን በአውራ ጣቷ እየፈተገች፣ ቀዳዳውንም ሳትተው። ውሃው ቀዝቃዛ ስለነበር ጣቶቿ ደነዘዙ። ስትመለስ ኖሊን ቁልፉን ጓንቷ ውስጥ ተቀብላ ጠቀለለችው። የሜርቭን እስክርቢቶና ከደብተሩ የተቀደደ ገጽ ይዛ የፒክ አፑ ኮፈን ላይ ተደግፋለች።

«አጥሩ ጋ ይመጡ የነበሩትን ልጆች ስም ንገሪኝ» አለች። «በሙሉ፤ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ። ለእናቶቻቸው እደውላለሁ። ዳርሲን ጽፌዋለሁ።»

ግሌኒስ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። እንዲያውም አንዳንዶቹን ወላጆቻቸው ከሚያውቋቸው ይልቅ በሳቃቸው ታውቃቸዋለች። ቀና ብላ ሜርቭን አየችው፤ የበሩን ሰንሰለት በእጁ ይዞ፣ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል። ይሰማል። እንዲሄድ ልትለምነው ፈለገች።

«ቀጥዪ እንጂ» አለች ኖሊን።

«ቲሊ ትሬዊን» አለች ግሌኒስ፤ የሜርቭን የልጅ ልጅ።